ማሚቶዋ የመለሰችው ቃል

የጣሊያኗ የማንቶቫ ከተማ ጉም በኅዳር ከገባ መውጫውን አያውቅም። ከሐይቆቹ ተነሥቶ በየበሩ ሥር ይገባና ሰዉን ሲያስለው፣ ግድግዳውን ሲያረጥበው፣ ክር ያለበትን መሣሪያ ሁሉ ከቅኝቱ ሲያወጣው ይሰነብታል። ያን እሑድም እንዲያው ነበር። ሽማግሌው ኤርሜቴ ከአሮጌው ቤተ ክርስቲያን የዕቃ ክፍል ተቀምጦ፣ ቴዎርቦውን ታቅፎ ይታገላል። ቴዎርቦ አንገቱ ከሰው ቁመት የሚረዝም፣ ሆዱ እንደ ግማሽ ዱባ የጎበጠ፣ ክሩ ከበግ አንጀት የሚሠራ የጥንት መሣሪያ ነው። አንዱን ክር ሲወጥር ሌላው ይላላበታል።

ኢዴልማ በሩን በክርኗ ገፍታ ገባች። በፔርሙስ ሾርባ ይዛለታለች።

«ዛሬም አልታረቃችሁም?» አለችው።

«ሚስት ያላገባሁት ለምን ይመስልሻል? አልጋው ላይ ቦታ የለማ! ሚስት እንኳ ሲበርዳት ካልሲ ታጠልቃለች። ይኼ ሲበርደው የሚያውቀው መነጫነጭ ብቻ ነው።»

ሾርባውን በጎድጓዳ ሳህን ቀዳችለት። እሱም እንደ አገሩ ልማድ ቀይ ወይኑን ከላዩ ደፋበትና ሳህኑን በሁለት እጁ አንሥቶ ፉት አለ። ነጭ ጢሙ ቀላ። ከዚያ ቀና ብሎ ሳያያት፣

«መጥቷል» አላት።

ኢዴልማ የፔርሙሱን ክዳን አጥብቃ ዘጋች። ማን እንደመጣ አልጠየቀችም።

የመጣው ራኒዬሪ ነው። ባሏ ነበር። እንደ ሕጉ ከሆነ አሁንም ባሏ ነው፤ ምክንያቱም የፍቺ ወረቀት ለመፈረም እንኳ ተገናኝተው አያውቁም። ከተለያዩ ሃያ ሁለት ዓመት ሆናቸው። በየከተማው የሚፈለግ ዘፋኝ ነበር፤ ቤቱን የሚያየው በበዓልና በበጋ ነው። አንዲት ልጅ ወለዱ፣ ኖኤሚ የምትባል። በስድስት ዓመቷ ትኩሳት ያዛት። አባቷ ያን ቀን ትሪየስቴ ከተማ ነው የሚዘፍነው። ኢዴልማ ቴሌግራም ላከችበት። በእረፍት ሰዓት ደረሰው። አነበበው፤ ኪሱ ከተተው፤ ሦስተኛውን ክፍል ዘፍኖ ጨረሰ። ባቡሩ አመለጠው። በማግስቱ ቤቱ ሲደርስ የኖኤሚ አልጋ ባዶውን ተነጥፎ ጠበቀው።

ከቀብሩ በኋላ ኢዴልማ አስወጣችው። ድሮም ቃል የማታበዛ ሴት ናት፤ ከዚያ ወዲያ ደግሞ ለእሱ የሚሆን ቃል ጨርሶ አጣች። በየፋሲካው በጋራ ወዳጃቸው በኤርሜቴ እጅ ደብዳቤ ይልክላታል፤ ሳትከፍት ትመልሳለች። ዓመቱ እየተደራረበ ሲሄድ ግን አንድ ነገር ከውስጧ ይላወስ ጀመር። ቴሌግራሙን የጻፈችው ራሷ ናት። የጻፈችውም «ኖኤሚ ትኩሳት አላት፣ ና» ብቻ ነው። ልጃችን እያጣጣረች ነው አላለችም። ድረስልኝ አላለችም። ትኩሳት ደግሞ የትኛውን ልጅ አይዝም? ይህን ያሰበች ቀን የመርፌና የክር ሱቋን በጠራራ ፀሐይ ዘግታ፣ ከመደርደሪያው ኋላ መሬት ላይ ተቀምጣ ዋለች። ይቅር ልትለው ፈለገች። ከየት ተነሥቶ እንዴት እንደሚባል ግን አላወቀችበትም።

«ድምፁስ?» አለችው ኤርሜቴን።

«እንደ ተቀደደ ሐር። ቢቀደድም ግን ያው ሐር ነው።»

«ሐኪሞቹ መዝፈን ከልክለውት የለ?»

«እነሱ ይከልክሉ። ከአዘጋጆቹ ጋር ውል አለብኝ ይላል። ዛሬ ማታ ቦሎኛ ሄዶ ሆስፒታል ይገባል፤ ነገ ጠዋት የታመመ ማንቁርቱን ቆርጠው ያወጡታል። ከዚያ ወዲያ መዝፈኑ ቀርቶ ‹ጨው አቀብሉኝ› ማለትም የለም።» ሳህኑን አስቀመጠ። «ኢዴልማ፣ ሰውየው ከዚያ ግድግዳ ወዲያ ነው ያለው። ወንበር ላይ ተቀምጦ ሻርፑን ይፈታል፣ ያስራል። አሥራ ሁለት እርምጃ ነው። ሂጂና አናግሪው።»

«አፌ አይፈታልኝም።»

«እዚያ ላይ ሆነሽስ ሊፈታልሽ ነው?»

«እዚያ ላይ ቃሉ ተጽፎልኛል» አለች።

እንግዲህ «እዚያ ላይ» ያለችውን ልብ በሉልኝ። የዚያን ቀን የሚዘፈነው ሦስት መቶ ሃምሳ ዓመት የሞላው ኦፔራ ነው። ለአንድ መስፍን ሠርግ ተጽፎ፣ አንዴ ተዘፍኖ፣ ከዚያ ከአንድ ቤት ቆጥ ላይ ሲረሳ የኖረ ነው፤ የደራሲውን ስም ከነመጀመሪያው ገጽ አይጥ በልታዋለች። ዛሬ መጋረጃ የለ፣ ጭምብል የለ፣ ከካርቶን የተሠራ ማዕበል የለ። ዘፋኞቹ ጥቁር ለብሰው ከመሠዊያው ፊት በመደዳ ይቆማሉ፤ የሚሆነውን ሁሉ ሰሚው በጆሮው ያየዋል። ታሪኩ ሙሽሪቱን ወንዝ የወሰደበት የአንድ ዓሣ አጥማጅ ነው። ዳር ላይ ቆሞ ይጣራል። ከማዶ የሚመልስለት ሰው የለም፣ የገደል ማሚቶ እንጂ። ይቺ ማሚቶ ብቻ ናት ከሰው ዓይን የምትሰወረው፤ ከዋናው በር በላይ ባለው ሰገነት፣ ከኦርጋኑ ቱቦዎች ኋላ ትቆማለች።

ማሚቶዋ ኢዴልማ ናት። ሙዚቀኞቹን የምትመራው ሲኞራ ሊቪያ መስከረም ላይ ነው የመረጠቻት። «የእርስዎ ድምፅ ሲኞራ፣ ከሩቅ የሚመጣ ይመስላል» ብላ። ምስኪን፣ ማሞገሷ ነበር። ከዚያ ዓሣ አጥማጁን የሚዘፍነው ሰው እግሩን ተሰብሮ ቀረና ራኒዬሪ «የመጨረሻዬ ነው፣ እኔ ልዝፈነው» ብሎ ላከ። ኢዴልማ ያን ጊዜ ወደ ሲኞራ ሊቪያ ሄዳ በሕይወቷ የማታውቀውን ልመና ለመነች። የማሚቶዋን ስም ፕሮግራሙ ላይ አታትሙት፤ ለሰውየውም አትንገሩት። ሰውየው የሚደርሰው የዘፈኑ ዕለት ስለሆነ ልምምድ ላይ አይገናኙም። ሲኞራ ሊቪያ ምክንያቱን ልትጠይቅ ብላ ፊቷን ስታይ ተወችው።

በጥንቱ ሰዎች ሥርዓት ማሚቶ የራሷ ቃል የላትም። የዘፋኙን የመጨረሻ ቃል ጫፍ ትቀበላለች፤ በሰጣት ዜማ፣ በሰጣት ልክ፣ ቀስ አድርጋ ትመልሳለች። ጥበቡ ያለው ጫፉ ሲቆረጥ ሌላ ነገር መናገሩ ላይ ነው። ወደ እኛ ቋንቋ ስናመጣው እንዲህ ነው። እሱ «ልቤን ይዛ የሄደች፣ የት አለች?» ይላል፤ ማሚቶዋ «አለች» ትላለች። «ብጣራ ማን ይሰማኛል?» ይላል፤ «ይሰማኛል» ትላለች። «ይህ ሕመም ነው፣ ወይስ ፍቅር ነው?» ይላል፤ «ፍቅር ነው» ትለዋለች። በመጨረሻም፣ «ወንዙ የወሰደው ሁሉ እንዲሁ ይቅር?» ሲል፣ «ይቅር» ትላለች። አለቀ። ከዚያ በኋላ ማሚቶ የለችም።

ኢዴልማ ለዚህች ለመጨረሻዋ ቃል ነበር የምትኖረው። ሁለት ወር ሙሉ ሱቋ ውስጥ ክር እየጠቀለለች፣ በከንፈሯ ብቻ፣ ይቅር፣ ይቅር ስትል ከረመች።

«ሌላ ነገር ጨምሬ ብልስ?» ብላው ነበር ኤርሜቴን አንድ ቀን።

«ምን ብለሽ?»

«እንጃ። ሁለት ቃል።»

«ጉድ ፈላ!» ብሎ ሳቀባት። «ገደል ወሬ ሲጀምር አየሁ እላለሁ። ማሚቶ አትጨምርም፣ አትቀንስም እህቴ። መቶ ዓመት ብንለማመድ እሷው ናት።»

እሷም ተቀበለችው። ለሥራው ታማኝ ናት።

አሥር ሰዓት ሲሆን ቤተ ክርስቲያኑ እስከ በሩ ሞላ። ሰው ካፖርቱን ሳያወልቅ ተቀመጠ። ኢዴልማ ቀድማ ወጥታ፣ የሰገነቱ ወለል ስለሚንቋቋ ጫማዋን አውልቃ፣ በካልሲዋ ቆማለች። ከኦርጋኑ ኋላ ሆና የምታየው የቱቦዎቹን ጀርባና የሸረሪት ድር ነው። ታች የሚሆነውን የምታውቀው በጆሮዋ ነው።

ከዚያ ድምፁን ሰማችው።

ኤርሜቴ እውነቱን ነበር። ተቀዷል። ከፍ ወዳለው ሲወጣ የሚሻክር ነገር አለበት፤ አንዳንዱ ቃል ላይ ትንፋሽ ብቻ ይሆናል። ግን እሱ ነው። ጠዋት ጠዋት ፂሙን ሲላጭ ያዜም የነበረው፣ ኖኤሚን በትከሻው ተሸክሞ በሐይቁ ዳር ሲዞር ያንጎራጉር የነበረው። ኢዴልማ የኦርጋኑን እንጨት በሁለት እጇ ያዘች።

«ልቤን ይዛ የሄደች፣ የት አለች?»

«አለች» ብላ መለሰች።

በጽሑፉ መሠረት ራኒዬሪ ወዲያው መቀጠል ነበረበት፤ አልቀጠለም። ኤርሜቴ ቶሎ ብሎ በቴዎርቦው ያልተጻፈ ዜማ እየቆነጠረ ባዶውን ሞላው። ይህ የሥራው ልማድ ነው፤ ዘፋኝ ሲዘገይ አጃቢው መሣሪያ ይጠብቀዋል። ሕዝቡ ውበት መሰለው። ኢዴልማ ግን አወቀች። አውቆኛል፣ አለች በልቧ። በአንዲት ቃል አወቀኝ።

«ብጣራ… ማን ይሰማኛል?»

አሁን ድምፁ ወደ ሕዝቡ አልነበረም። ዞሯል። ወደ ላይ፣ ወደ ቱቦዎቹ ነው የሚዘፍነው።

«ይሰማኛል።»

«ይህ ሕመም ነው፣ ወይስ ፍቅር ነው?»

«ፍቅር ነው» ስትል ድምፏ ደከመባት። ደግነቱ ማሚቶ ደክማ ብትዘፍን አይታወቅባትም።

ከዚያ የመጨረሻዋ መጣች። በጽሑፉ «ይቅር?» ወደ ላይ የምትወጣ ጥያቄ ናት፤ ኢዴልማም ሁለት ወር የተለማመደችው ሲወጣ ነው። ራኒዬሪ ግን አላወጣትም። አቅም አንሶት ይሁን አስቦበት እግዜር ይወቀው፣ ቃሏን ቁልቁል ለቀቃት። ጥያቄነቷ ጠፍቶ ድንጋይ ውኃ ውስጥ እንደሚገባ ገባች። «እንዲሁ… ይቅር።»

ማሚቶ ደግሞ የተሰጣትን ነው የምትመልሰው። ኢዴልማ ያላትን ሁሉ፣ ቴሌግራሙን፣ የተመለሱትን ደብዳቤዎች፣ ሃያ ሁለቱን ዓመት፣ ያቺኑ አንዲት ቃል ውስጥ ጨምቃ፣ በሰጣት ዜማ፣ ቁልቁል፣ ቀስ አድርጋ፣

«ይቅር» አለችው።

ታች ረጅም ጸጥታ ሆነ። የሚያስል ሰው እንኳ አልነበረም። ተቀበለኝ፣ አለች ኢዴልማ። እንባዋ አገጯ ላይ ሲደርስ አልጠረገችውም። የሰማው ሰው እንዲህ ነው ዝም የሚለው፣ አለች።

ኦፔራው ገና ሃያ ደቂቃ ቀርቶት ነበር፤ የዓሣ አጥማጆቹ ኅብረት አለ፣ የወንዙ አምላክ ፍርድ አለ። ወለሉ ይንቋቋልና መውረድ አይቻልም። እዚያው በካልሲዋ ቆማ፣ ስትወርድ የምትለውን ስታዘጋጅ ቆየች። አሁን እንደሆነ አፏ ተፈትቷል። ሾርባ ቀርቷል፣ ጉሮሮህን አሙቀው፣ እለዋለሁ አለች። ቦሎኛ አብሬህ እሄዳለሁ፣ እለዋለሁ። ጭብጨባው ሲጀመር ጫማዋን በእጇ ይዛ ጠባቡን ደረጃ ወረደች።

የዕቃ ክፍሉ ውስጥ ኤርሜቴ ብቻውን ነው። ቴዎርቦውን ወደ ሣጥኑ አልመለሰም።

«የታለ?»

«ሄደ።»

«ወዴት? ሰዉ እኮ ገና እያጨበጨበ ነው።»

«ለጭብጨባው አልወጣም። የኦፔራውን የመጨረሻ ቃል እንደዘፈነ፣ እኔም እየተከተልኩት፣ በዚህ አልፎ ወጣ። የካፖርቱን ቁልፍ እንኳ አልቆለፈ።» ኤርሜቴ ቀና ብሎ አያት። «ምን አደረግሽ አንቺ ሴት?»

«ምን አደረግኩ? ይቅር አልኩት!»

«እሱም የሰማው እሱኑ ነው።»

አልገባትም። ጫማዋን እንደያዘች ቆመች።

«‹ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ያው ናት› አለኝ። ‹ጠየቅኳት፣ መለሰችልኝ። ከእንግዲህ አላስቸግራትም› አለ። ልይዘው ነበር፤ ይኼን ግንድ ታቅፌ እንዴት ልሩጥ?» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ኢዴልማ፣ ያን ጊዜ፣ ከቀብር መልስ፣ ምን ብለሽ እንዳስወጣሽው ታስታውሺያለሽ?»

«ጮኽኩበት። ሰደብኩት። ሳህንም የሰበርኩ መሰለኝ።»

«አልጮኽሽም። ሳህንም አልሰበርሽም። ‹ትዳራችንስ? እንዲሁ ይቅር?› አለሽ። አንቺ ጀርባሽን ሰጥተሽ ‹ይቅር› አልሽው። ይቺን ብቻ። እኔ ቤት መጥቶ ሌሊቱን ሙሉ እሷን ሲደጋግም ነው ያደረው። ቢጮኹብኝ ይሻለኝ ነበር እያለ።»

ኢዴልማ ወንበር ፈልጋ ተቀመጠች። ያ ሁሉ ጩኸት የት ሄደ? በጆሮዋ ሲጮህ የኖረው እኮ የራሷ ድምፅ ነው። ለካ ከውስጥ ነው እንጂ ወደ ውጭ አልወጣም። ለካ ለሰውየው የደረሰችው አንዲት ቃል ናት፤ ያቺም ቃል ዛሬ ሁለተኛ፣ በዚያው በሚወርደው ዜማ፣ ደረሰችው።

«ምነው አንዲት ቃል ብትጨምሪበት!» አለ ኤርሜቴ። «‹ብዬሃለሁ› ብትይ ማን ያስርሽ ነበር?»

«ማሚቶ አትጨምርም አላልከኝም?» አለችው።

ሽማግሌው ፊቱን ወደ ቴዎርቦው አዞረ። ትከሻው ሲንቀጠቀጥ አየችና እጇን ጀርባው ላይ አሳረፈች።

ማታውን ከመንገዱ ማዶ ካለው ቡና ቤት ወደ ቦሎኛው ሆስፒታል ስልክ ደወሉ። የሆስፒታሉ ዘበኛ በሽተኛ ለስልክ እንደማይጠራ ነገራቸው። ኤርሜቴ «ሚስቱ ናት እኮ!» ብሎ ጮኸበት። ዘበኛው «ነገ ትምጣ» ብሎ ዘጋው።

በማግስቱ የመጀመሪያውን ባቡር ተሳፈረች። ጉሙ ከሀዲዱ ላይ ተኝቶ ነበር። ሞዴና ሲደርሱ ባቡሩ ቆመ፤ አንድ ሰዓት ተኩል ቆመ። ሰዉ ጋዜጣውን እያጠፈ ያማርራል። እሷ እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ በመስኮቱ ነጭ ነጩን ታያለች፣ በከንፈሯ ሙሉውን ዓረፍተ ነገር ትለማመዳለች። ሆስፒታሉ ስትደርስ አንዲት ነጭ ለባሽ አስታማሚ መነኩሲት በዝግታ የስም ዝርዝሩን አየችና፣

«ቀዶ ጥገና ገብቷል እኮ እናቴ» አለቻት። «ሩብ ሰዓት አይሆነውም።»

እስኪወጣ ጠበቀች። ከወጣም በኋላ አላስገቧትም። ሦስተኛው ቀን ላይ አስገቧት።

አንገቱ እስከ አገጩ ተጠቅልሏል፤ ከፋሻው መሐል ትንሽ የብረት ቱቦ ብቅ ብላለች። ሲያያት ዓይኑ ፈጠጠ፤ ፊቱን ግን አላዞረም። ኢዴልማ ወንበሩን አስጠግታ ተቀመጠችና መናገር ጀመረች። በዕድሜዋ እንደዚያ ተናግራ አታውቅም። ስለ ቴሌግራሙ፣ ምን ልትጽፍ ሲገባት ምን እንደጻፈች። ኖኤሚ በመጨረሻ ሰዓቷ ማንን ስትጠራ እንደነበር፤ እሱን ስትጠራ እንደነበር፣ ሃያ ሁለት ዓመት ይህንን ደብቃ እንደኖረች። ደብዳቤዎቹን እንዴት አሽትታ እንደምትመልሳቸው። ከዚያ ስለ ሰገነቱ፣ ስለዚያች ቃል። «ይቅር ብዬሃለሁ ማለቴ ነው፣ ራኒዬሪ። አንተም ይቅር በለኝ ማለቴ ነው። ያን ሁሉ ነው ያልኩህ፤ ቃሏ ጠበበችኝ።»

ራኒዬሪ ሁሉንም ሰማ። እንባው በጆሮ ግንዱ ወርዶ ትራሱን አራሰው። ከዚያ ትንፋሽ ሳበ፤ ዘፋኝ እንደሚስበው፣ ትከሻው ሳይነሣ ጎኑ ሰፋ። አፉ ተከፈተ፣ ከንፈሩ ቃል ሠራ። ከብረቷ ቱቦ አየር ብቻ ወጣ።

«ገባኝ» አለችው ኢዴልማ እጁን ይዛ። «ገባኝ፣ ተወው አትድከም።»

ራሱን ነቀነቀ። አልገባሽም ማለቱ ነው። እንደገና ትንፋሽ ሳበ፣ ከንፈሩ ያንኑ ቃል ሠራ። ረጅም ቃል ነው፤ አንድ ቃል ይሁን ሦስት፣ መለየት አቃታት። ስሟ ይሆን? የልጅቷ ስም ይሆን? ሂጂ ይሆን?

«አንዴ ድገምልኝ» አለችው።

ደገመላት። መነኩሲቷ «ቆይ፣ ቆይ፣ ወረቀት ላምጣለት» ብላ ወጣች። እሱ ግን ወረቀቱን አልጠበቀም፤ ደጋግሞ ይስባል፣ ደጋግሞ ይለቃል። ኢዴልማ ጎንበስ ብላ ጆሮዋን ከከንፈሩ አስጠጋች። ትንፋሹ ሞቃት ነበር። መነኩሲቷ እርሳስና ወረቀት ይዛ እስክትመለስ ድረስ ጆሮዋን ከዚያ አላነሣችም።